«እርጅናን ያቆማል» የተባለውን እንክብል እምዬ ለ4 ወር ወሰደችው

ደሴና ሐይቅ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረ ስለሚሸጠው የፀረ እርጅና እንክብል ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆኛል። እኛ ቤትም ገብቶ ስለነበር ያየሁትን ልንገራችሁ። የሻጯንም የአስመጪውንም ስም አልጽፍም። ያው ነገር ዛሬ በዚህ ስም ነገ በሌላ ስም ስለሚመጣ ስሙን መያዝ ብዙም አይጠቅማችሁም። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ አትግዙት። ኮከብ መስጠት ግድ ከሆነ ከ5 አንድ። ለምን እንደሆነ ግን ረጋ ብዬ ማስረዳት እፈልጋለሁ። እርጅና ራሱ ምን እንደሆነ ካልገባን አንዱን ሻጭ ብንመልስ ለሚቀጥለው በር እንከፍታለን።

አያቴን ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እምዬ ነው የምንላት። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ትኖራለች፣ ዕድሜዋ ወደ 80 ይጠጋል። ዓይኗ መድከሙን መጀመሪያ ያወቅነው በቡና ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ጠብታ ሳታባክን ስትቀዳ የኖረች ሴት አንድ ቀን ስኒውን አልፋ ረከቦቱ ላይ አፈሰሰችው። «እጄ ነው የዛለው» አለች። እጇ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስኒውን በግራ እጇ ጠቋሚ ጣት እየዳሰሰች፣ ጠርዙን አግኝታ፣ መሙላቱንም በድምፁ እየለየች መቅዳት ጀመረች። ሙሉ ስኒና ጎደሎ ስኒ ድምፃቸው ይለያያል። እሷ ናት ያስተማረችኝ።

ሻጯ በጎረቤት በኩል መጣች፣ ቶናው እየተቀዳ። ጨዋ ልጅ ናት፣ አነጋገሯም ለስላሳ። ከቦርሳዋ ብርጭቆ፣ የታሸገ ውኃና ቁስል የሚቀባ አዮዲን አወጣች። ውኃው ላይ ጥቂት ጠብታ ጣል ስታደርግበት የቆየ ሻይ መሰለ። «ያረጀ ሰውነት ይህን ይመስላል» አለች። ከዚያ አንዷን እንክብል ከፍታ ዱቄቷን ጨመረችና በማንኪያ አማሰለችው። ውኃው ኩልል ብሎ ጠራ! ቤቱ በሙሉ «ማሻአላህ!» አለ።

«እማማ፣ ሰውነታችን እንደ ብረት ይዝጋል። ይቺ ዝገቱን ታጥባለች። ዓይንዎም ይበራል፣ ጉልበትዎም ይመለሳል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይውሰዷት።»

«አላህ ካለበት ይሁን ልጄ» አለች እምዬ።

አጎቴ እዚያው ከፈለ። አንድ ጠርሙስ 60 ፍሬ ነው፣ የወር መሆኑ ነው፣ 3,500 ብር። በ4 ወር 14,000 ብር ወጣ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያ የብርጭቆ ትርኢት ምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ግን አጎቴን በእንግዳ ፊት ማሳፈር ከበደኝና ዝም አልኩ። ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

በሳምንቱ ደሴ ቤቴ ገብቼ ሙከራውን ደገምኩት። አዮዲን ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ፣ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሦስት አራት ጠብታ ጨመርኩ። ሎሚ ቆርጬ ጨመቅሁበት። ጠራ። ሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ቀለም ወደሌለው ዓይነት ይለውጠዋል፤ አለቀ። አዮዲኑ እንኳ እዚያው ብርጭቆው ውስጥ ነው፣ የጠፋው ቀለሙ ነው። ይሄ ስለ እርጅና ምንም አይነግረንም። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት፣ በተለይ እናታችሁ ወይም አባታችሁ እያዩ።

የዝገቱ ነገር ግን ከባዶ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ዴንሃም ሃርማን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1956 ያቀረበው ሐሳብ አለ። ሴሎቻችን ኦክስጅን ተጠቅመው ኃይል ሲያመነጩ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ እረፍት የሌላቸው ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነሱ ደግሞ ያገኙትን ፕሮቲን፣ ስብና ዲኤንኤ ይጎዳሉ። ጉዳቱ ሲጠራቀም እናረጃለን ነው ሐሳቡ። ያምራል፣ ከፊሉም እውነት ነው። ታዲያ እነዚህን ቅንጣቶች የሚያከሽፈውን፣ ፀረ ኦክሲደንት የሚባለውን ነገር በክኒን ብንውጥስ? ይህ በሰው ላይ በደንብ ተሞክሯል። ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ ሲጋራ አጫሽ ወንዶች ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሁለቱንም ወይም ባዶ ክኒን እየተሰጣቸው ለዓመታት ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሊከላከል የተሰጠው ክኒን አባሰው ማለት ነው። ሰውነታችን እነዚያን ቅንጣቶች ለጥቅምም ይፈልጋቸዋል። ነጭ የደም ሴሎች ጀርም የሚገድሉት በእነሱ ነው። ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበትም መንገድ ናቸው። ጠራርጎ ማጠብ ጤና አይደለም።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ሁለተኛው ቃል «ቴሎሜር ያስረዝማል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳምነው ይሄ ነው።

አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሊዮናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 ከባልደረባው ከፖል ሙርሄድ ጋር የሰው ሴል በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እያሳደጉ ቆጠሩ። ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ ያቆማል። ከዚያ በፊት አሌክሲስ ካሬል የተባለው ስመ ጥር ሐኪም የዶሮ ሴል ለዘላለም ይከፈላል ብሎ ዓለምን አሳምኖ ስለነበር ብዙ ሰው ለማመን ተቸገረ። የሚቆጥረው ምንድን ነው? ቴሎሜር ነው፤ ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ክር፣ የክሮሞሶም ጫፍ ማለት ነው። የጋቢ ጫፍ ላይ ሸማኔው የሚቋጥረውን ዘርፍ አስቡት። ድሩ እንዳይተረተር የሚይዘው እሱ ነው። ቴሎሜርም ክሮሞሶማችንን እንዲሁ ይይዛል፣ ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ግን ትንሽ ትንሽ ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፈል ያቆማል። መልሶ የሚያስረዝመውን ቴሎመሬዝ የተባለ ኢንዛይም ጨምሮ በዚህ ሥራቸው ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬይደርና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል ተሸልመዋል።

ሻጯ የምትነግራችሁ እስከዚህ ድረስ ነው። የማትነግራችሁ ሁለት ነገር አለ። የቤተ ሙከራ አይጥ ቴሎሜሩ ከሰው ይረዝማል፤ ዕድሜዋ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ የቴሎሜር ርዝመት ብቻውን ዕድሜን አይወስንም። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ከ10 የካንሰር ዓይነት ዘጠኝ ያህሉ ቴሎመሬዝን መልሶ ያበራል። ካንሰር የማይሞተው፣ መከፈል የማያቆመው ለዚህ ነው። ሄንሪየታ ላክስ ከተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1951 የተወሰደው የካንሰር ሴል እሷ በዚያው ዓመት ብታርፍም እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው እየተከፈለ ነው። ያን ኢንዛይም በመላ ሰውነት ላይ እንደልብ የሚቀሰቅስ ክኒን ቢኖር እኔ ለአያቴ አልሰጥም ነበር። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ኮላጅን ደግሞ በአጭሩ፦ ኮላጅን ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን ነው፣ ሲዋጥ ግን ሆድ ውስጥ እንደ ሽሮና እንደ ሥጋ ይፈጫል።

እዚያው የተጻፈው ሮያል ጄሊስ፣ ንቦች ለእጮቻቸው የሚያዘጋጁት ነጭ ምግብ? ወሎ ውስጥ ማር እያየን ስላደግን ይሄኛው ልባችንን ይነካል። ነገሩም በጣም ይገርማል። ንግሥቲቱና ሠራተኛዋ ንብ በዘር አንድ ናቸው። ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው የሚፈለፈሉት። ልዩነቱ ምግቡ ነው። እጮቹ ሁሉ መጀመሪያ አካባቢ ያንን ነጭ ምግብ ይቀምሳሉ፣ ንግሥት የምትሆነው ብቻ ግን እሱኑ እየበላች ታድጋለች። ሠራተኛዋ አበባ በሚበዛበት ወቅት በሳምንታት ውስጥ ትሞታለች፣ ንግሥቲቱ ዓመታት ትኖራለች። ይህን ሰምቶ «እኔም ልብላው» ማለት ያጓጓል። ግን ምግቡ የሚሠራው እጭ ላይ ነው፣ የንብን አካል ወደ ሌላ ዓይነት ንብ ሲቀርጽ። እኛ እጭ አይደለንም፤ ያ በር ሰው ላይ የለም። ደግሞ ንግሥቲቱ ቀፎ ውስጥ ተጠብቃ ነው የምትኖረው። ሠራተኛዋ ሜዳ ወጥታ ክንፏ እስኪበጣጠስ ትለፋለች።

የዚህች ንግሥት ነገር ነው ወደ ትልቁ ጥያቄ የሚወስደን። ለምን እናረጃለን? አንድን ጨቅላ ከአንድ ሴል ተነሥቶ መገንባት የቻለ ተፈጥሮ የተገነባውን ማደስ እንዴት አቃተው?

ፒተር ሜዳዋር የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1951 በሰጠው ንግግር ይህን በቤተ ሙከራ የብርጭቆ ቱቦዎች አስረድቷል። እኔ ተማሪዎቼን የማስረዳው በስኒ ነው። 12 ስኒ ገዛችሁ እንበል። ስኒ አያረጅም። ግን ሕፃን ይገፋዋል፣ ሲታጠብ ያመልጣል፣ በየዓመቱ አንድ ሁለቱ ይሰበራል። ከ10 ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ስንት ይተርፋል? ቢበዛ አንድ ሁለት። አሁን ደግሞ ስኒዎቹ ሲሠሩ በ15 ዓመታቸው የሚሰነጥቅ የተደበቀ ጉድለት ነበረባቸው እንበል። ማን ያውቃል? ማንም። እዚያ የሚደርስ ስኒ ስለሌለ ጉድለቱን የሚያይ፣ አይቶም የሚጥለው የለም። ሕይወት ያለው ነገርም እንደዚሁ ነው። በጥንት ጊዜ አብዛኛው በረሃብ፣ በአውሬ፣ በበሽታ ገና ሳያረጅ ይሞት ነበር። ስለዚህ በ80 ዓመት የሚጎዳ ዘር ወለድ ጉድለት ሲተላለፍ ኖረ፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ልጆች ወልዷላ።

አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆርጅ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ ነገር ጨመረበት። በወጣትነት የሚጠቅም ዘር ወለድ ባሕርይ በስተርጅና ቢጎዳ እንኳ ተመርጦ ይቀራል አለ። ሳይንቲስቱ ቶማስ ኪርክዉድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጪና ገቢ አየው። አንድ የወሎ ገበሬ የሚያውቀው ሒሳብ ነው። ጎተራው ውስጥ ያለው እህል የተወሰነ ነው። ለዘር ይቀመጥ? ቤቱ ይታደስበት? በረዶ ይምታው ጎርፍ ይውሰደው የማይታወቅበት አገር ላይ ዘሩ ይቀድማል፤ ጣራው እስከሚችለው ይጠገናል። ሰውነታችንም ለጥገና የሚያወጣው ልጅ ወልዶ እስኪያሳድግ የሚያደርሰውን ያህል ነው። በየአጥሩ የምናየው የቃጫ ተክል ይህን ሒሳብ እስከ ጥግ ወስዶታል። ለዓመታት ያጠራቅማል፣ አንዴ ያን ረጅም ዘንግ አውጥቶ ያብባል፣ ከዚያ ይደርቃል።

ይህ ሐሳብ የሚፈተንበት ማስረጃ ደግሞ በሀገራችን መሬት ሥር አለ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ፀጉር አልባ ፍልፈል የሚባል እንስሳ ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል። በመጠኑ ከአይጥ ብዙም አይበልጥም። አይጥ ድመትና ጭልፊት ስለሚበላት ገና ወጣት ሳለች በብዛት ወልዳ በቶሎ ታረጃለች። ፍልፈሉ ግን ከመሬት በታች ተጠብቆ፣ ንግሥት ኖሮት እንደ ንብ እየኖረ፣ ከ30 ዓመት በላይ ይዘልቃል። ካንሰርም እምብዛም አይገኝበትም። እኔ ይህን እንስሳ ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ስለ እርጅና የሚያጠኑ የዓለም ሳይንቲስቶች የኛን የአፍሪካ ቀንድ ፍልፈል ነው ቤተ ሙከራ አስገብተው የሚመረምሩት።

ስለዚህ እርጅና አንድ ዝገት አይደለም፣ አንድ ክኒንም አያጥበውም። ብዙ ጥገና በአንድ ላይ መላላቱ ነው። ይህ ማለት ሳይንሱ ባዶ እጁን ነው ማለት አይደለም። ሳይንቲስቷ ሲንቲያ ኬንየን እ.ኤ.አ. በ1993 አንዲት ጂን በመለወጥ የአንድ ትንሽ ትል ዕድሜ እጥፍ እንዲሆን አድርጋለች። ግን ከትል እስከ እምዬ ሩቅ ነው። በሰነድ የተረጋገጠ የሰው ረጅሙ ዕድሜ እስካሁን እ.ኤ.አ. በ1997 ያረፈችው የፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን ነው፣ 122 ዓመት። ሻጯ የጠራችልን ቁጥር 150 ነበር።

አሁን ወደ እምዬ ዓይን። በመጀመሪያው ሳምንት «ጉልበቴ ቀለል አለኝ» ብላ ነበር። አልዋሸችም። ሰው ተስፋ ሲይዝና ልጆቹ ሲያስቡለት ሲያይ ይቀለዋል። በሁለተኛው ወር ያ ጠፋ። በአራተኛው ወር ግራ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለይ ነበር።

የነበረባት የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ እርጅናን በቅርብ የምናይበት መስኮት ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ይተካል። የአንጀታችን ገጽ በጥቂት ቀናት ይታደሳል። የዓይን ሌንስ መሐል ያለው ፕሮቲን ግን እናታችን ሆድ ውስጥ ሳለን የተሠራው ነው። አይተካም። ብርሃን እንዲያሳልፉ ሲባል እነዚያ ሴሎች ኒውክለሳቸውን እንኳ ጥለዋል፤ አዲስ ፕሮቲን የሚሠሩበት መመሪያ የላቸውም። 80 ዓመት ፀሐይ መታው፣ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተያያዘ፣ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጩ ጠነነ። ስኳር በሽታና ሲጋራ ያፋጥኑታል። ይህን መልሶ የሚያጠራ እንክብል የለም፣ ጠብታም የለም።

መፍትሔው ማውጣትና መተካት ነው። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ የለንደን ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን የፕላስቲክ መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸውን አብራሪዎች ሲያክም ያ ፕላስቲክ ዓይናቸውን እንዳላስቆጣው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1949 ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። እምዬ ያገኘችው ሌንስ የዚያኛው ሌንስ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የሞራ ገፈፋ ዘመቻ ላይ ተመዝግበን ወሰድናት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ብዙም አልተናገረችም፣ የነርሷን ፊት ትክ ብላ አይታ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ቤት ስትገባ ግን በቀጥታ ወደ ጀበናዋ ሄደች። አንሥታ ወደ መስኮቱ ዞር አደረገችው።

«ይሄ አንገቱ ተሰንጥቋል። ማናችሁም አላያችሁም?»

አላየንም ነበር። ቡናውን ራሷ ቀዳች፣ ጣቷን ሳትልክ። «አቦል ጀባ!» ስትለን አጎቴ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ለምትገዙ ሰዎች። እንክብሉ እምዬን በቀጥታ አልጎዳትም፣ የጎዳት 4 ወር ስላስጠበቃት ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ቤተሰብ ካላችሁ ግን ከመስጠታችሁ በፊት ጠርሙሱን ይዛችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ። ከእንዲህ ዓይነት ነገሮች ጋር የሚጋጩ መድኃኒቶች አሉ። የባች ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀንና አምራቹ ያልተጻፈበትን አትቀበሉ። ሻጩ ስለ ዓይን፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ስኳርና ስለ ዕድሜ በአንድ ትንፋሽ ካወራ ቡናውን አጠጥታችሁ ሸኙት። ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አምስተኛው ጠርሙስ ታዝዞ ነበር፣ አጎቴ ደውሎ መለሰው። የእምዬ ቀኝ ዓይን ቀጠሮ ከመውሊድ በኋላ ነው። ያ 3,500 ብር ለመሳፈሪያና ለጥላ መነጽር ተቀምጧል።